ሁለት ችካል

ከደብረ ሲና በላይ፣ ጉም ከሚያድርበት፣
መሬት አፉን ከፍቶ ክረምት ካዛጋበት፣
አንዱን ወዲህ ማዶ፣ አንዱን ወዲያ ማዶ፣
ሲሚንቶ ተቀድቶ፣ አለቱ ተቀዶ፣
መሐንዲሷ ሐመልማል ብረት ስትተክል
ስንጥቁ ዳር ቆሜ እቆጥር ነበር፣ መዶሻው ስንቴ እንዳለ «ቃል»።

«ይሄ ተራራ» አለች «የቆመ ይመስላል፤
ጥፍር እንደሚያድገው፣ ሳይታይ ይሄዳል።
ይኸው የብረት ሜትር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ለኩ፤
አንድ ሰው አይዘውም፤ ሁለት ሁኑና፣ እንኩ።»

አንድ ሰው አይዘውም።

ወዲህ ያለው ችካል ያባቴ መሬት ነው፤
ወዲያ ያለው ደግሞ ያጎቴ የድፋባቸው።
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አልተነጋገሩም፤
ለቅሶ ቤት ቢገናኙ ባንድ አግዳሚ አይቀመጡም።
ጠቡ ስለ ድንጋይ ነው፣ የድንበር ምልክት፤
አያቴ ከጽዱ ሥር በገመድ ለክተውት
ሃያ ክንድ ነበረ፤ ኋላ ላይ ቢለካ
ሃያ አንድ ሆነና ወንድም ተነካካ።
«በሌሊት ገፍተኸው!» «አልነካሁም እኔስ!»
«እግር አውጥቶ ነው የሄደው ድንጋዩ ታዲያስ?»
ሽማግሌ መጣ፣ ደከመው፣ ተመለሰ።

ቅዳሜ፣ ጧት አንድ ሰዓት። ጉሙ እስከ ጉልበት።
አጎቴ ጫፉን ሲያጠልቅ ይሰማኛል ብረት በብረት፤
አባቴ ይወጥራል፤ እኔ ከስንጥቁ አፋፍ
የሰባተኛ ክፍል ደብተሬን ገልጬ ልጽፍ።
«ሳብ።»
«ላላ።»
«ያዝ።»
በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ይኸው ነው ወሬያቸው፤
እሱንም ለሜትሩ ነው፣ ለሰው አይደለም ያሉት፣ ቢጠይቋቸው።

የዚህ ሳምንት አንድ ሚሊ። የሚቀጥለው ባዶ።
ከዚያ ሁለት። ከዚያ አንድ።
ሐምሌ ላይ ዝናቡ አለቱን ሲያጠጣው
ሐመልማል ግድግዳችን ላይ የለጠፈችው
ስስ ብርጭቆ ጧ! አለ፤ እናቴ ብቻዋን ነበረች፤
ሦስት ሌሊት በረት ውስጥ፣ እኛን አቅፋ አደረች።

አንድ ቀን ክፍል ውስጥ፣ ከደብተሬ ጀርባ፣ እርሳሴ ዝም ብሎ ሲቆጥር፦
አንድ ሚሊ በሳምንት፣
ሃምሳ ሁለት በዓመት፣
ባሥር ዓመት ክንድ።
ደግሜ አባዛሁት። ክንድ።
አያቴ ድንጋዩን ተክለው፣ ጠቡ እስኪጀመር
አሥር ዓመት ነበር።

ለካ!
ለካ የለካ ሰው ነው «ለካ» የሚል።

ቅዳሜ ላባቴ አሳየሁት። አየው። ዝም አለ።
ከስንጥቁ በላይ እጁን ዘርግቶ ደብተሩን አቀበለ።
አጎቴ ብዙ ቆየ፤ ጣቱ ከቁጥር ወደ ቁጥር ይሄዳል፤
ጉሙ ተነሥቶ ነበር፣ የደብረ ሲና ቆርቆሮ ታች ያበራል።
ይቅርታ አላለም። አባቴም አልጠበቀ።
«ላላ» አለ አጎቴ፣
ሜትሩ ግን ገና አልተወጠረም ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ሳጥን መጣ፤ ከችካል ችካል ሽቦ ተዘረጋ፤
ፀሐይ የሚቀልበው፤ ሲመሽም ሲነጋም
በየአሥር ደቂቃው ራሱ ይለካል፣
የለካውን ደግሞ አዲስ አበባ ይልካል።
«ከእንግዲህ አትድከሙ» አለች ሐመልማል፣ እጃቸውን ጨብጣ፤
ሜትሩን ግን ሳትወስደው ሄደች፣ ረስታም ይሁን አውቃ።

ቅዳሜ ጧት አባቴ ጋቢውን ደረበ።
«ወዴት?» አለች እናቴ።
«ማሽን ይሳሳታል።»
ከጉሙ ውስጥ፣ ከወዲያ ማዶ፣ የማውቀው ሳል፤
ከዚያ ብረት በብረት፤ ከዚያ «ሳብ» የሚል።
አባቴ ሳበ፣ አነበበ፤ ሜትሩን ሳይጠቀልል
የገብስ ዋጋ ደብረ ሲና ስንት እንደ ገባ ጠየቀ።
አጎቴ ነገረው። ውድ ነው አለ። አይ፣ ርካሽ ነው አለ።
እኔ እርሳሱን እንደ ያዝኩ እነሱን ስሰማ
ቁጥሩን መጻፍ ረሳሁ።